«ሲት»፣ «ስታንድ»፣ «ላይ»፦ በሦስት ግሶች የተፈተኑ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት

መዝገበ ቃላት የሚፈተነው በከባድ ቃል አይደለም። ከባድ ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፍቺ ብቻ ስላለው የትኛውም መዝገበ ቃላት በአንድ መስመር ይገላገለዋል። ጉድ የሚፈላው ማንም ሰው «ይሄንማ አውቀዋለሁ» ብሎ በሚያልፈው ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ለዚህ ፈተና ሦስት የአቀማመጥ ግሶች ይበቃሉ፦ ለመቀመጥ «ሲት»፣ ለመቆም «ስታንድ»፣ ለመጋደም «ላይ»። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይማራቸዋል፤ ቋንቋውን ጠንቅቆ ያወቀ ሲመስለውም ይሳሳትባቸዋል።

እዚህ የምንመዝነው በኢንተርኔት በነፃ የሚገኙ ሦስት የተማሪ መዝገበ ቃላትን፣ ሁለት የኮርፐስ (የተሰበሰበ የጽሑፍ ክምችት) መፈለጊያዎችን፣ የታተሙ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላትን እና የትርጉም ማሽንን ነው። አንድ ነገር ቀድመን እንበል፦ እንግሊዝኛው «ላይ» በፊደላችን ሲጻፍ ከእኛው «ጠረጴዛ ላይ» ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ስለዚህ ግሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ስታዩት የእነሱ ነው፤ ያለ ጥቅስ ስታዩት የእኛ።

መለኪያችን አራት ጥያቄ ነው። የግሱ ባለቤት ማን ወይም ምን ሊሆን ይችላል? ከግሱ ቀጥሎ የትኛው መስተዋድድ ይመጣል? በየትኛው የጊዜ ቅርጽ ይነገራል? ከአካል ወጥቶ ለሐሳብ ሲውል ትርጉሙ ወዴት ይዞራል? አራቱንም የሚመልስ አንድ መሣሪያ አላገኘንም። የትኛው የቱን እንደሚመልስ ማወቅ ግን ግማሽ ሥራ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ከራሳችን «ተቀምጧል» ነው። «ተቀምጧል» ስንል የመቀመጡ ድርጊት አልቋል፣ የምንናገረው ሰውየው አሁን ስላለበት ሁኔታ ነው። «ቆሟል»፣ «ተጋድሟል»፣ «ተደግፏል» እንደዚሁ ናቸው። ቅርጹ ያለቀ ነገር፣ ትርጉሙ አሁን ያለ ነገር። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሁኔታ ገና እየተካሄደ እንዳለ ድርጊት ይገልጸዋል፦ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»። የአማርኛውን ቅርጽ ተከትሎ «ሂ ሃዝ ሳት» ያለ ተማሪ አንባቢውን «እና? የት? ለስንት ሰዓት?» እያሰኘ አንጠልጥሎ ይተወዋል። «እዚያ ለአንድ ሰዓት» የሚል ሲጨመርበት ዓረፍተ ነገሩ ይድናል፤ ብቻውን ግን ጎዶሎ ነው። በአንዳንድ የብሪታንያ አካባቢዎች አነጋገር «ሂ ዋዝ ሳት» ይሰማል። ቢሰማም ለመደበኛ ጽሑፍ አይሆንም።

«ተኝቷል» ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። አንዱ አማርኛ ሦስት እንግሊዝኛ ይሆናል። ዓይኑን ሳይከድን አልጋው ላይ ጋደም ያለ ከሆነ «ኢዝ ላዪንግ»፣ እንቅልፍ ወስዶት ከሆነ «ኢዝ አስሊፕ»፣ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ከሦስቱ ግሶች አንዱም አያስፈልግም፤ «ኢዝ ኢን ሆስፒታል» ይበቃል።

ተራው የኪስ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሁሉ መልሱ አጭር ነው፦ «ሲት» ተቀመጠ፣ «ስታንድ» ቆመ፣ «ላይ» ተኛ፣ ተጋደመ፣ ዋሸ። ሐሰት የለበትም። አደጋውም ሐሰት የሌለበት መሆኑ ነው። «ስታንድ»ን እንውሰድ። በአማርኛ «ቆመ» ሁለት ሥራ አለው፦ በእግር መቆምና መቋረጥ። «ዝናቡ ቆመ» ለማለት «ዘ ሬይን ስቱድ» የሚል ተማሪ ዝናቡን እግር ተክሎለታል፤ ትክክለኛው «ስቶፕድ» ነው። ይህ ስሕተት ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ነው። አንድ ደብዳቤ «ማይ ኦፈር ስቲል ስታንድስ» ካለ ላኪው ያቀረበው ሐሳብ አሁንም እንደጸና ነው ማለቱ ነው። «ስታንድ ማለት ቆመ» ብሎ የሸመደደ አንባቢ ግን «ያቀረብኩት ሐሳብ ቆሟል» ብሎ ይረዳዋል፤ ማለትም ቀርቷል። ሕግ፣ ውሳኔ፣ ፍርድ፣ ክብረ ወሰን በእንግሊዝኛ «ስታንድስ» ከተባለ ጸንቷል፤ በአማርኛ ሕጉ «ቆመ» ከተባለ ተቋርጧል። አንድ ቃል በቀጥተኛ ትርጉሙ ገጥሞ በዘይቤው እንዲህ ፊትና ኋላ ሲሆን ማየት ብርቅ ነው። ለዚህ አገባብ የአማርኛው ቃል «ጸና» ነው። የኪስ መዝገበ ቃላት ይህን ካልጻፈ ለዚህ ግስ አይረባም።

የታተሙት ሁሉ እንዲህ ናቸው ማለት አይደለም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የአውድ መዝገበ ቃላት ሐሳቡ ገና ከስሙ ትክክል ነው። ለእያንዳንዱ እንግሊዝኛ ቃል ባዶ ፍቺ ደርድሮ አይሄድም፤ ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ በአማርኛ ያስቀምጣል። ለአቀማመጥ ግሶች ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም፤ ምክንያቱም «ስታንድ» መቼ «ቆመ»፣ መቼ «ጸና»፣ መቼ «ቻለው» እንደሚሆን የሚወስነው በአጠገቡ ያለው ቃል ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው። መግቢያው ከእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ዕድሜውም በእንግሊዝኛው ይታወቃል። ከአማርኛ ተነሥቶ ለመሄድ የቶማስ ሌይፐር ኬን ባለ ሁለት ቅጽ የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. የ1990 እትም፣ አለ። «ቆመ»ን ወይም «ተቀመጠ»ን እዚያ ስትከፍቱ ስንት መንገድ እንዳላቸው ታያላችሁ። የተሠራው ግን አማርኛ ለሚያነብ የውጭ ሰው ነው እንጂ እንግሊዝኛ ለሚጽፍ አማርኛ ተናጋሪ አይደለም። ትርጉሙን ይሰጣል፣ አገባቡን አያስተምርም።

ወደ ነፃዎቹ እንግባ። ለእነዚህ ግሶች መጀመሪያ መከፈት ያለበት ኮቢልድ ነው። መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ በጆን ሲንክሌር መሪነት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰበ ትልቅ የጽሑፍ ክምችት ላይ ተመሥርቶ ነበር። ከሌሎቹ የለየው ፍቺውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፉ ነው። ሌሎች «መገኘት፣ መኖር» ብለው በሚያልፉበት ቦታ ኮቢልድ የሚፈታውን ግስ ራሱን በተለመደ አገባቡ ፍቺው ውስጥ ያስገባዋል። «ላይ» ለሐሳብ ሲውል ፍቺው ባለቤቶቹን በስም ይጠራቸዋል፦ ችግር፣ መፍትሔ፣ ጥፋት የመሰለ ነገር የት እንዳለ ሲነገር፣ ይላል በግርድፉ። ከአራቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያው በዚሁ ተመለሰ። አንባቢው ጠረጴዛና ወንበር ትቶ ችግርና መፍትሔን ከግሱ ጋር ያቆራኛል።

ዋጋው ርዝመት ነው። በፍጥነት ለሚያይ ሰው ዓረፍተ ነገር ማንበብ ይሰለቻል። ሌላም አለ፦ ኮቢልድ የሚገኝበት የኮሊንስ ድረ ገጽ አንዱ ገጽ ላይ የኮቢልድን፣ ለተወላጅ ተናጋሪ የተጻፈውን የብሪታንያ መዝገበ ቃላትና የአሜሪካውን አከታትሎ ያወርዳል። ወደ ታች እየገፋችሁ ሳታውቁት ከተማሪው ክፍል ትወጣላችሁ። ፍቺው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ካቆመ ከኮቢልድ ወጥታችኋልና ወደ ላይ ተመለሱ።

ሎንግማን፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ይመልሳል። ፍቺዎቹን የሚጽፈው በ2,000 ገደማ በተመረጡ ቀላል ቃላት ነው፤ ስለዚህ አንድን ቃል ለመረዳት ሌላ አምስት ቃል ማሳደድ የለም። ለእኛ ግሶች ወርቁ ግን ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው የሰዋስው ምልክት ነው። ከአንዳንድ ፍቺዎች አጠገብ «ሁልጊዜ ከተውሳከ ግስ ወይም ከመስተዋድድ ጋር» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ትርጉሙ ይህ ነው፦ «ከተማዋ በሸለቆ ውስጥ ትገኛለች» ለማለት «ዘ ታውን ላይዝ» ብሎ ማቆም አይቻልም። ቦታው ካልተከተለ ዓረፍተ ነገሩ አልቆመም። እንዲያውም ቦታ የሌለው «ላይዝ» ለአንባቢ መጀመሪያ የሚመጣለት ሌላኛው «ላይ» ነው፤ ከተማዋ ትዋሻለች።

ሎንግማን ረጃጅም መግቢያዎችን በአጫጭር መሪ ቃላት ይከፋፍላቸዋል፤ «ስታንድ» የመሰለ ፍቺው የበዛ ግስ ውስጥ ሳይጠፉ ለመሄድ የግድ ያስፈልጋሉ። ትክክለኛው አካሄድ ከቁጥር አንድ ጀምሮ ማንበብ አይደለም። መሪ ቃላቱን ብቻ በዓይን አንሸራትቶ፣ የሚመስለው ላይ ቆሞ፣ ፍቺውን ትቶ በቀጥታ ወደ ምሳሌዎቹ መውረድ ነው። የያዛችሁት ዓረፍተ ነገር ከምሳሌዎቹ አንዱን ካልመሰለ ቀጣዩን ሞክሩ።

ኦክስፎርድ የዘር ሐረጉ ይረዝማል። የኤ. ኤስ. ሆርንቢ ሥራ መጀመሪያ የታተመው ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1948 አወጣው። ግስ በምን ዓይነት ቅንብር እንደሚገባ መመደብ የሆርንቢ ልዩ ሙያ ነበር፤ ያ ጠባይ ዛሬም አለ። ድረ ገጹ ፍቺዎችን በአውሮፓው የቋንቋ ደረጃ ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ጀማሪ የትኛውን ፍቺ አሁን መያዝ፣ የትኛውን ማቆየት እንዳለበት ያውቃል። «ላይ»ን «አጋደመ» ከሚለው «ሌይ» የሚለይ የአጠቃቀም ማስታወሻም አለው። የሚያስቸግረው ፈሊጦችንና ሐረጋዊ ግሶችን ከዋናው ፍቺ ለይቶ ማስቀመጡ ነው። «ስታንድ ባይ»ን የሚፈልግ ሰው በ«ስታንድ» ፍቺዎች መካከል አያገኘውም፤ ወደ ራሱ ገጽ መሻገር አለበት። ለመፈለጊያ ሳጥኑ ሁለቱን ቃል አንድ ላይ መስጠት ይህን ድካም ያስቀራል።

እሱን ካነሣን «ስታንድ ባይ» ብቻውን ጥሩ ፈተና ነው። ባለቤቱ ሰው ሆኖ ከኋላው የሰው ስም ከመጣ «ከጎኑ ቆመ» ነው፤ ከአማርኛው ጋር ልክክ ይላል። ከኋላው ምንም ካልመጣ ወይም «ኤንድ ዎች» ከተከተለ ትርጉሙ ይገለበጣል፦ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየ። ከኋላው ቃል፣ ውሳኔ ወይም የተናገረው ነገር ከመጣ ደግሞ «በቃሉ ጸና» ይሆናል። በሬዲዮ ግንኙነት ሲሰማ «ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ» ነው። ታማኝነትም ቸልተኝነትም በሁለት ቃል። ይህን የሚለየው ከኋላ ያለው ቃል እንጂ ግሱ አይደለም፤ ስለዚህ «ስታንድ ባይ»ን ብቻውን ጽፎ አንድ ትርጉም ማስያዝ ከንቱ ልፋት ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎች። አማርኛ ሰው ያኖረውን ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል «ተቀምጧል» ይላል፦ ጠርሙሱም፣ መጽሐፉም፣ ሣጥኑም። እንግሊዝኛ ቅርጹን ያያል። ረዘም ብሎ በታቹ የቆመ ነገር፣ ጠርሙስ፣ መብራት፣ መሰላል፣ ዛፍ፣ ሕንፃ፣ «ስታንድ» ይባላል። ጠፍጣፋ ወይም በጎኑ የዋለ ነገር፣ ወረቀት፣ ገመድ፣ የወደቀ ጠርሙስ፣ «ላይ»። አቧራና በረዶም ይጋደማሉ። ያው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ጀርባውን አሳይቶ ሲሰለፍ «ስታንድ»፣ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ «ላይ» ነው። ድብልብል ወይም ግጥም ያለ ነገር፣ ሣጥን፣ ጥቅል፣ ሳህን፣ ወደ «ሲት» ያደላል።

ተማሪ ይህን ሲያይ ለእያንዳንዱ ዕቃ ግስ መምረጥ ግዴታ ይመስለዋል። ደችኛ ቢሆን እውነቱን ነበር፤ እዚያ ዕቃ የት እንዳለ ለመናገር ከአቀማመጥ ግሶች አንዱን መጠቀም የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው። እንግሊዝኛ ግን «ኢዝ» በሚለው ቀላል ግስ ደስተኛ ነው። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ «ኢዝ»፤ አለቀ። የአቀማመጥ ግስ የሚመጣው የነገሩ መልክ ወይም ሁኔታ መታየት ሲፈልግ ነው። ከተጠራጠራችሁ «ኢዝ» በሉ፤ ማንም አያርማችሁም።

በተለይ «ሲት» ለዕቃ ሲውል ጠረን አለው። ጥቅሉ ለሁለት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ «ሃዝ ቢን ሲቲንግ» ሲባል ቦታው ብቻ አይደለም የተነገረው፤ የሚነካው ጠፍቶ ተቀምጦ መክረሙም ነው። አማርኛ ለዚህ «ተቀመጠ» አይበቃውም፤ «ተጎለተ» ወይም «ተወዘፈ» ይላል። «መኪናው ተገትሯል» ስንልም ከመቆሙ በላይ ብስጭታችን ይሰማል። እንግሊዝኛ ለዚህ የተለየ ግስ የለውም፤ ያንኑ «ሲት» ከጊዜ ርዝመት ጋር አድርጎ ይጠቀምበታል። ትርጉም የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢይዙ ብዙ ደረቅ ዓረፍተ ነገር ነፍስ ይዘራ ነበር።

የጊዜ ቅርጹ በዕቃና በቦታ ላይ ይቀላል፣ ግን ይረሳል። የማይነቃነቅ ነገር በተራው የአሁን ጊዜ፦ ሸለቆው፣ ከተማው፣ ሕንፃው «ላይዝ»፣ «ስታንድስ»። ለጊዜው እዚያ ያለ ነገር በ«ኢንግ»፦ ቁልፉ ወለሉ ላይ «ኢዝ ላዪንግ»። ሐሳብ ደግሞ በ«ኢንግ» አይነገርም ማለት ይቻላል። «ዘ ፕሮብለም ኢዝ ላዪንግ» ያለ ሰው ችግሩ እየዋሸ ነው ብሏል።

የ«ላይ» ዘይቤ ሰፊ ነው፣ ግን ሥርዓት አለው። ሥርዓቱም በመስተዋድዱ ይያዛል። ችግሩ፣ ልዩነቱ፣ ብርታቱ፣ ውበቱ በአንድ ነገር ውስጥ ካለ «ላይዝ ኢን»። ጥፋቱ፣ ኃላፊነቱ፣ ውሳኔው የአንድ ሰው ወይም አካል ከሆነ «ላይዝ ዊዝ»። የተደበቀ ምክንያት ካለ «ላይዝ ቢሃይንድ»፤ ገና የሚመጣ ነገር ከሆነ «ላይዝ አሄድ»። ተማሪ ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ያምታታል፤ «ኃላፊነቱ የእሷ ነው» ለማለት «ላይዝ ኢን ኸር» ይላል። አማርኛው እዚህ ግስ ስለማያስፈልገው፣ «የእሷ ነው» ብሎ ስለሚጨርስ፣ የሚመራው ነገር የለም። ሰው ከሆነ «ዊዝ»፣ ነገር ከሆነ «ኢን» የሚለው ልኬት አብዛኛውን ይይዛል።

«ስታንድ» በዘይቤው ሦስት አካባቢ ይኖራል። አንዱ መጽናት ነው፤ ከላይ አይተነዋል። ሁለተኛው መቋቋም ነው፤ «ካንት ስታንድ» «መቆም አልችልም» ሊሆን ይችላል፣ ከኋላው ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ከመጣ ግን «ዓይኑን ማየት አልፈልግም» ነው። በዚህ ትርጉሙ በአዎንታ እምብዛም አይሰማም። ሦስተኛው ልክና ተስፋ ነው፦ ቁጥሩ አሁን ያለበትን ለመናገር «ስታንድስ አት»፤ ሊጠቀም ወይም ሊጎዳ የሚችልን ሰው ለመናገር «ስታንድ ቱ ጌይን»፣ «ስታንድ ቱ ሉዝ»። «ስታንድ ቱ ሉዝ» ሲባል ገና አልከሰረም፤ ሊከስር ነው።

«ሲት» ከሦስቱ ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም የሚቀርበው ነው። ችሎት ይቀመጣል፣ በእንግሊዝኛም «ሲትስ»። ተማሪ ለፈተና ይቀመጣል፤ ብሪታንያ ውስጥም ፈተና «ሲት» ይደረጋል፣ አሜሪካውያን ግን «ቴይክ» ይላሉ። ማመልከቻ ይዞ ያልፈጸመ ኃላፊ «ሲቲንግ ኦን ኢት» ነው፤ በእኛ ፋይሉን የሚያስተኛው። «ሲት ኦን ዘ ፌንስ» መሐል ሰፋሪ መሆን ነው። አንድ ውሳኔ «ዳዝንት ሲት ዌል ዊዝ ሚ» ከተባለ «አልተዋጠልኝም» ነው፤ እነሱ የማይመች አቀማመጥ ያዩበትን እኛ ጉሮሮ ውስጥ እናየዋለን።

እነዚህን ሁሉ ከመዝገበ ቃላት ብቻ መልቀም አድካሚ ነው። እዚህ ላይ ኮርፐስ ይረዳል። ስኬል የሚባለው ነፃ መፈለጊያ ምዝገባ አይጠይቅም። ቃል ስትሰጡት እስከ 40 ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያወጣል፤ ሌላ ክፍሉ ደግሞ ግሱ የትኞቹን ባለቤቶች፣ ተሳቢዎችና ተውሳከ ግሶች እንደሚያዘወትር ይዘረዝራል። የባለቤቱ ዓምድ ለእኛ ሥራ ከሁሉም ይበልጣል። ጉድለቱ ማሽን መሆኑ ነው። መጋደምን ከመዋሸት አይለይም፤ «ላይ»ን ስትጠይቁት ሁለቱን ቀላቅሎ ያመጣል። «ሌይ»ን ብትጠይቁትም ያው ነው፤ የ«ላይ» ኃላፊ ጊዜ ከሌላው ግስ ጋር ቅርጹ አንድ ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል። የማሽኑን ዝርዝር ሳይሆን ዓረፍተ ነገሮቹን እመኑ።

ኮካ፣ የዘመናዊው አሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ፣ ከፍ ላለ ተማሪ ነው። በማርክ ዴቪስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ክምችት ከ1990 እስከ 2019 ያሉ ጽሑፎችንና ንግግሮችን ይዞ ከአንድ ቢሊዮን ቃል በላይ አለው። ምዝገባ ይጠይቃል፤ በነፃ የሚፈቀደው የፍለጋ ብዛትም ገደብ አለው። ግሱን በትልልቅ የላቲን ፊደላት ብትጽፉት ሁሉንም ቅርጾቹን አንድ ላይ ይፈልጋል፤ በትንንሽ ከጻፋችሁት ያንኑ ቅርጽ ብቻ። ብዙ ሰው «አላገኘሁም» ብሎ የሚወጣው በዚህ ነው። ከግሱ በኋላ መስተዋድዱን አስከትሉ፣ የውጤቱን ዝርዝር ክፈቱ፣ ከግሱ በፊት ያለውን ቃል ብቻ እያያችሁ ውረዱ። አሜሪካዊ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ፈተና «ሲት» ማድረግን እዚያ ፈልጎ ማጣት የቃሉን አለመኖር አያሳይም።

የትርጉም ማሽን አማርኛን መያዝ ከጀመረ ቆይቷል፤ የጎግል መተርጎሚያ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ለአቀማመጥ ግሶች የትኛውም ማሽን ቢሆን አጭር ዓረፍተ ነገር አትስጡት። «መኪናው ቆሟል» ሦስት መንገድ አለው፦ ሲሄድ የነበረው አቆመ፣ ማቆሚያ ቦታ ላይ ነው፣ ተበላሽቶ ተገትሯል። ማሽኑ አንዱን ይመርጣል፣ መምረጡንም አይነግራችሁም። «ከትናንት ጀምሮ»፣ «በድንገት»፣ «ከበሩ ፊት ለፊት» የሚሉ ቃላት ጨምሩለት። ከዚያ የሰጣችሁን እንግሊዝኛ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አዙሩት፤ «ጸና» የነበረው «ቆመ» ሆኖ ከተመለሰ ዓረፍተ ነገሩን በእጃችሁ ሥሩ። ለፍቺ ማሽን ያገለግላል፤ ለውል፣ ለማመልከቻና ለመሳሰለው ጽሑፍ «ስታንድ» ያለበትን መስመር ብቻውን አትመኑት።

«ላይ»ና «ሌይ» የእንግሊዝኛ ተወላጆችን ራሳቸውን ያምታታሉ፤ ስለዚህ አትፈሩ፣ ግን አጥሩ። የሚጋደመው፦ «ላይ»፣ «ሌይ»፣ «ሌይን»። የሚያጋድመው፦ «ሌይ»፣ «ሌይድ»፣ «ሌይድ»። የሚዋሸው፦ «ላይ»፣ «ላይድ»፣ «ላይድ»። መካከል ላይ ያለችው «ሌይ» የአንዱ ኃላፊ፣ የሌላው የአሁን ጊዜ መሆኗ ነው ችግሩ። አማርኛ እዚህ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፤ «ተጋደመ»ንና «አጋደመ»ን፣ «ተኛ»ንና «አስተኛ»ን ማንም አይቀላቅልም። ግሱን ከመጻፋችሁ በፊት «ምኑን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካለው የአድራጊው ግስ ነው፣ «ሌይ–ሌይድ»። «ስታንድ» ግን ለሁለቱም አንድ ቅርጽ ነው፤ መሰላሉ ይቆማል፣ መሰላሉንም ግድግዳው ላይ «ስታንድ» ያደርጉታል።

ያገኛችሁትን ለመያዝ አንኪ የተባለው የካርድ ፕሮግራም ይበቃል። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል። ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲያወጣ ተደርጎ ነው፤ ለእነዚህ ግሶች ወደ 5 አውርዱት፣ አለዚያ ተመሳሳዮቹ እርስ በርስ ይዋጣሉ። ካርዱ ባዶ ቦታ የሚሞላበት ይሁን። ባለቤቱን ተዉት፣ ግሱንና መስተዋድዱን አንድ ላይ አጥፉ፦ «ዘ ሪስፖንሲቢሊቲ» ብሎ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ «ኸር»። ግሱን ብቻ ያጠፋ ሰው «ላይዝ»ን ያስታውሳል፣ «ዊዝ»ን ይረሳል። ከካርዱ ጀርባ የአማርኛውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ኃላፊነቱ የእሷ ነው» እንጂ «ላይ = ተጋደመ» አይሁን። ለ«ስታንድ ባይ» ቢያንስ ሦስት ካርድ፣ ለእያንዳንዱ የኋላ ቃል አንድ።

ድምፅም ጨምሩ። ሦስቱም የነፃ መዝገበ ቃላት የማዳመጫ ምልክት አላቸው፣ በፊደላችን ደግሞ ግሱ «ሲት»ና መቀመጫው «ሲት» ሲጻፉ አይለዩም፤ አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ድምፅ ነው። የ«ላይ» ካርድ ከሆነ ሦስቱንም ቅርጾች በተከታታይ አዳምጣችሁ ጮክ ብላችሁ ድገሙ፤ «ሌይን» የምትለዋ ቅርጽ በንግግር ብዙም ስለማትሰማ መጀመሪያ የምትረሳው እሷ ናት።